ከጎማው ሥር የተነሣው ድንጋይ

አንድ ሰው ነበረ፤ ነጭ ፒክአፕም ነበረው። ቆይ ምናሴ፣ ገና ሳልጀምር አትሳቅ። «መምሬ ስለ መኪና ምን ያውቃሉ» ብለህ ነው? የጠየቅከኝ ስለ መኪና ነው። ስለ በቅሎ ብትጠይቀኝ ኖሮ ስለ በቅሎ እነግርህ ነበር።

በኋላ «እንዲህ አላልኩም» እንዳትለኝ ጥያቄህን እኔው ልድገመው። «የቆመ መኪና ገጨሁ፤ ስፖኪዮውን ሰበርኩት። ባለቤቱ አልነበረም፣ ያየኝም ሰው የለም፣ ሄድኩ። ይኸው አሁን ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ስግደት ይስጡኝና ልገላገል፣ አይበቃም ወይ?» ብለሃል አላልክም? ብለሃል። እንግዲያው እግርህን ሰብሰብ አድርገህ ተቀመጥ። ይህ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ነው፣ ሶፋ አይደለም።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሽማግሌ፣ በሰፈሩ የታወቀ መራቂ። ሠርግ ቢሆን፣ ክርስትና ቢሆን፣ አዲስ ቤት ቢመረቅ፣ እሱ አፉን ሳይከፍት ማንም እጁን ወደ ማዕድ አይሰድም። «የእሳቸው አፍ ይደርሳል» ይላል ሰዉ። ሲመርቁ ይደርሳል፣ ሲረግሙም ይደርሳል። እኔ ይደርሳል ብዬ አልምልልህም፤ ሰውየው ራሱ ግን ከሁሉ አብልጦ ያምን ነበር። ምርቃቱ ደግሞ ረጅም ነው። አብርሃምን ጠርቶ፣ ይስሐቅን ጠርቶ፣ ያዕቆብ ላይ ሲደርስ ወጡ ይቀዘቅዛል። ሰዉም ዓይኑን ወጡ ላይ አድርጎ በአፉ «አሜን፣ አሜን» ይላል።

ይህ ሰው አንድ ቀን በአንድ ቅያስ ውስጥ አዲስ ሱቅ መርቆ፣ መኪናው ውስጥ ገባ። ያን ዕለት የመረቀው ምርቃት ለራሱም ጥሞት ነበርና ለብቻው እየደገመው፣ «ከክፉ ይሰውራችሁ፣ ከድንገተኛ ነገር ይጠብቃችሁ» እያለ፣ ኋላ ማርሽ አስገባ። ኋላውን ሳያይ ከቅያሱ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። ጓ!

ወርዶ ቢያይ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ታክሲ ቆማለች። የኋላ በሯ እንደ ተረገጠ ቆርቆሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። ታክሲዋን ያውቃታል፣ ባለቤቷንም ያውቃል፤ የዚያው ሰፈር ጎረምሳ ነው፣ በእሷ ሠርቶ እናቱን የሚያስተዳድር። ምሳውን ሊበላ በሩ ላይ አቁሟት ገብቷል። መንገዱ ትንሽ ቁልቁል ነው፤ የእጅ ፍሬኗ ከደከመ ስለቆየ ከጎማዋ ሥር ትልቅ ድንጋይ ታኮ አድርጎላታል። እሷ ምስኪን ታኮዋን ይዛ በቆመችበት ነው የተገጨችው።

ሰውየው ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ሰው የለም፤ አንዲት ዶሮ ብቻ አቧራ እየጫረች ነበር። ክፉ ሰው አልነበረምና ሊያንኳኳ እጁን ወደ ግቢው በር ዘረጋ። ከዚያ እጁ አየር ላይ ቆመ። «ይህ ጎረምሳ ወጥቶ ቢጮህብኝስ? ሰው ቢሰበሰብስ? ነገ በየትኛው አፌ ልመርቅ ነው? ማታ ቀስ ብዬ ለብቻው እነግረዋለሁ» አለ። ታክሲዋ የኋላ መስታወቷ ላይ «ሁሉም ያልፋል» የሚል ጥቅስ ተለጥፎባታል። አነበበው። «እውነት ነው» አለና መኪናውን አስነሥቶ አለፈ። አየህ፣ ለመሄድ የቸኮለ ሰው ጥቅስም አያጣም።

ማታ እንግዳ መጣበት። በማግስቱ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን «አሁን ብናገር እስከ ዛሬ የት ነበርክ አይለኝም?» አለ። እንዲህ እያለ የሚናገርበት ቀን ከእሱ ራቀ።

ባለታክሲውስ? በሩ አልከፈት አለው። ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ሰው ጉልበት ላይ እየተሻገረ መቀመጥ ነበረበት። ወጣቱ ይስቃል፣ ይሻገራል። ከገበያ የሚመለሱት እናቶች ግን ጎመናቸውንና ዘንቢላቸውን ይዘው «እኔ ዝንጀሮ ነኝ እንዴ የምዘል!» እያሉ ወደ ሌላ ታክሲ ሄዱ። ጎረምሳው ያለ ሥራ ተራው ላይ ቆሞ መዋል ጀመረ።

ሽማግሌውም ሥራ በዛበት፤ የመደበቅ ሥራ። ፓራውልቱ ላይ የታክሲዋ ሰማያዊ ቀለም ተለቅልቆ ቀርቷል። በሳሙና አሸው፣ በአመድ ፈተገው፣ እምቢ አለ። በመጨረሻ መኪናውን ቁልቁለቱ ታች፣ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ኋላዋን ግንብ ላይ ለጥፎ፣ ደህናውን ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙሮ አቆማትና አልነዳም አለ። «ምነው በእግርዎ?» ሲሉት፣ «ሐኪም ነው ያዘዘኝ፣ ለጉልበት ጥሩ ነው» ይላል። እያነከሰ! የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ይደነግጣል። እንቅልፍም ጠላው። ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ገዝቶ ሰጠ። ጃንጥላ መስጠት መልካም ነው፣ እኛም አንጠላም፤ የታክሲዋን በር ግን አላቃናም።

አሁን ዋናውን ነገር ስማ። ይህ ሰው አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ ሌላ የለውም። ብዙ ጊዜ ሳትወልድ ቆይታ፣ ስንት ስለት ተስላ፣ ይኸው ቀኗ ደርሶ ሆዷ ፊቷን ቀድሟት ይሄዳል። ሽማግሌው ያን የልጅ ልጅ እንደሚጠብቀው ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬም ያለ አይመስለኝም። ሌሊት ተነሥቶ የሚጸልየው ስለ እሱ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈርተኛው ተሰባስቦ ጎረምሳውን ሊያጽናና ሄደ። ወጉ ነው፤ ንብረት ሲጎዳም ሰው አይቀርም። «እንኳን በንብረት አለፈ፣ እንኳን አንተን አልነካህ» ይባላል። ሽማግሌው ቢቀር «ምነው ቀሩ?» ሊባል ነው። ሄደ። ሻይ ቀረበለት፣ ጠጣ። «እግዜር ይይልህ ልጄ» አለ። ጎረምሳው ደግሞ ሞኝ፣ «እርስዎ በዚያ ጉልበትዎ በእግርዎ መጡልኝ» ብሎ እጁን ሳመው።

ሊወጡ ሲሉ አንዲት ባለሱቅ፣ ምላሷ የተሳለ ሴትዮ፣ ታክሲዋ አጠገብ ቆመችና «ይህማ ዝም አይባልም! ሰው የድሃ በር ሰብሮ ሹልክ ይላል? አባባ እዚሁ አሉ አይደል? የእሳቸው አፍ ይደርሳል። ይርገሙልን!» አለች። ሰዉ ሁሉ «ይርገሙልን! ይርገሙልን!» አለ። ሽማግሌውን አጅበው ታክሲዋ ፊት አቆሙት። ፊቱን ብታየው ምናሴ፣ ሽሮ መሰለ።

መሸሽ የለም። ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህን ያደረገ ሰው…»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

«ቆዩ እንጂ! ገና መች ጀመርኩ!» አለ። «ይህን ያደረገ ሰው… እንቅልፍ ይንሣው።»

«አሜን!»

ይህ አልጎዳውም፤ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ትንሽ ልቡ ተመለሰ። «በእግሩ ይሂድ!»

«አሜን!»

«ጉልበቱን ይመመው! ሞተር በሰማ ቁጥር ይደንግጥ!»

«አሜን! አሜን!»

ብልጥ ነው መቼም። የሚረግመው ሁሉ አስቀድሞ የደረሰበትን ነው። ባለሱቋ ግን አልረካችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «አባባ፣ ዛሬ ምን ነካዎት? ይሄ እርግማን ነው ወይስ የሐኪም ትእዛዝ? ጨከን ይበሉ እንጂ! የልጅ ልጅ አይይ ይበሉ!» አለች።

ሕዝቡም «እውነቷን ነው! የልጅ ልጅ አይይ!» አለና ለአሜኑ ትንፋሹን ሳበ። ሽማግሌው ቀና ቢል ሴት ልጁ ከሰዉ መካከል ቆማለች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ፣ አንዱን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ለጎረምሳው አዝናለች፣ ተናዳለችም፤ እሷም ከሁሉ ጋር አፏን ከፈተች።

«አሜን እንዳትይ!» ብሎ ጮኸ አባቷ።

ልጅቱ ደንግጣ «ለምን አባዬ?» አለች።

«የገጨሁት እኔ ነኛ! እኔ ነኝ፣ እኔ!»

አንተ የከተማ ልጅ ነህና ምናልባት ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። ያጠፋ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ይቀርባል። የተበደለው ድንጋዩን ካወረደለት ይቅር አለው ማለት ነው፤ ካላወረደለት እንደተሸከመ ይቆማል። ሽማግሌው ያን ጊዜ ዓይኑን ለድንጋይ አማተረ። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ንጹሕ። አንድ ድንጋይ ብቻ አየ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ፈንቅሎ አወጣውና አንገቱ ላይ ጭኖ፣ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ጎረምሳው ፊት ተንበረከከ።

የትኛውን ድንጋይ እንደሆነ ገባህ? ገብቶሃል፣ ፈገግ አልክ። ያን ጊዜ ግን ለማንም አልገባውም፤ ሰዉ ሁሉ የሚያየው ሽማግሌውን ነበር።

ጎረምሳው መጀመሪያ ደነዘዘ። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። «እርስዎ? እርስዎ አይደሉም አሁን «እግዜር ይይልህ» ያሉኝ? ሻዬን እየጠጡ? እጅዎን ስስምዎት ዝም አሉኝ እኮ! በሩ ይሰበር፣ ብረት ነው። ግን አባባ፣ በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ ገጨሁብህ» ቢሉኝ ምን እልዎት ነበር? ይግቡ፣ ምሳ ይብሉ ነበር የምልዎት!»

ሽማግሌው ከድንጋዩ ሥር «እውነትህን ነው፣ እውነትህን ነው» ይላል። ልጅቱ ታለቅሳለች።

በዚህ መካከል ታክሲዋ ሲጥ አለች። ማንም ልብ አላለም። ደግማ ሲጥ አለችና በዝግታ፣ ያለ ሹፌር፣ ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

«ወዮ! መኪናዋ!» አለ አንዱ። ሰዉ ሁሉ ነቅሎ ሮጠ። አንዱ በሩን ያዘ፣ ያ የማይከፈተውን! ሌላው ኮፈኗን አቅፎ ይጎተታል። «ፍሬን! ፍሬን ያዙ!» ሲባል፣ ባለሱቋ ከኋላ ሆና «ፍሬኑ አባባ አንገት ላይ ነው!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌውም ተነሥቶ ድንጋዩን እንደተሸከመ ይሮጣል። ታክሲዋም ማንንም ሳትነካ፣ ሳትቸኩል ወርዳ ወርዳ፣ ታች ግንቡን ተደግፋ የቆመችውን ነጭ ፒክአፕ ደህና ፊቷን ጓ! አደረገቻት። አንድ መብራት ረገፈ፣ ፓራውልቱ ተንጠለጠለ።

ሁሉም ቆመ።

ጎረምሳው የረገፈውን መብራት አየ። የራሱን ታክሲ አየ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ሄደና ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ አነሣለት። ሰዉ «እሰይ! ይቅር አለ!» ብሎ እልል ሊል ነው። ጎረምሳው ግን ድንጋዩን መሬት አላስቀመጠውም። አንሥቶ በራሱ አንገት ላይ ጫነውና ጎንበስ አለ።

«አባባ» አለ፣ «መኪናዬ መኪናዎን ገጭታለች። ይማሩኝ። እንደሚያዩኝ ግን ቆሜአለሁ፤ አልሄድኩም።»

ሰዉ ሳቀ፣ እልልታው ቀለጠ። ሽማግሌው ግን መጀመሪያ አለቀሰ፤ ያቺ «አልሄድኩም» የምትለው ቃል ከእርግማኑ ሁሉ ይልቅ አንጀቱ ገባች። ከዚያ እሱም ሳቀ። ድንጋዩን ከጎረምሳው አንገት አወረደና ራሱ ተሸክሞ ሄዶ፣ ከታክሲዋ ጎማ ሥር ወሽቆ፣ በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገው።

በማግስቱ ሁለቱ መኪናዎች ተከታትለው አንድ ጋራዥ ገቡ። ሽማግሌው የታክሲዋን በር አሠራ፣ ቀለሟንም አስቀባ። ልጅቱ ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት ያደረሳት ጎረምሳው ነው፤ በዚያው በተሠራው በር ገብታ። ወንድ ልጅ ወለደች። የክርስትና አባቱ ማን ሆነ መሰለህ? ባለታክሲው ነዋ!

ሽማግሌውም እስኪሞት ድረስ መራቂ ነበር። ሰዉ አልጠላውም፤ ምርቃቱ ብቻ አጠረ። «ስታጠፉ እኔ ነኝ የምትሉበት አፍ ይስጣችሁ» ይላል። ሕዝቡ አሜን ይላል፣ ወጡም ሳይቀዘቅዝ ይበላል።

እንግዲህ ምናሴ፣ ወደ አንተ ልምጣ። «ለእርስዎ ከተናገርኩ አይበቃም ወይ» ብለኸኛል። ያ ሰው የዚያን ዕለት በሩን አንኳኩቶ «እኔ ነኝ» ቢል ኖሮ ቃሉ ታኮ ይሆንለት ነበር። ነገሩ እዚያው፣ አንድ በር ላይ ይቆም ነበር። ሳይል ሄደ፤ ነገሩም ያለ ታኮ ተንከባለለ። ከበር ወደ ውሸት ወረደ፣ ከውሸት ወደ ሻዩ፣ ከሻዩ ወደ እርግማኑ፣ ትንሽ ቀርቶት የልጅ ልጁ ላይ ሊደርስ። ባለቤቱ አላየኝም አልክ። የተገጨው መኪና እዚያው ቆሞ ቀርቷል ልጄ። የሚንከባለለው አንተ ነህ።

እኔ ላይ ምን ሰበርክ? መስቀሌ ደህና፣ ጥምጥሜም ደህና። የተሰበረው የሰው ስፖኪዮ ነው። ለእኔ መናገርህ ጥሩ ነው፤ ስግደቱንም እሰጥሃለሁ፣ አትጠራጠር፣ ወገብህ እስኪሰማው ነው የምሰጥህ! ግን ስፖኪዮ የተሰበረበት ሰው ኋላውን ሳያይ እየነዳ፣ አንተ እዚህ ብትሰግድ ምን ይጠቅመዋል?

ምን? «ባለቤቱን አላውቀውም»? እሱ ያቆመበትን ቦታ ታውቀዋለህ። የሰፈሩን ጥበቃ ጠይቅ፤ እነሱ የማያውቁት መኪና የለም። ቢቆጣህ ይቆጣ። ትናንት የገጨኸው ነው፣ ድንጋዩ ገና ቀላል ነው፤ በአንድ እጅህ ታነሣዋለህ። የሚከብደው ሲያድር ነው።

ና፣ መስቀል ተሳለም። እግዜር ካንተ ጋር ይሁን። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቤትህ ያን ያህል ሩቅ ነው፤ መኪናህም ደህና ይሄዳል ብለኸኛል። ዛሬ ታዲያ ለምን በእግርህ መጣህ? ሐኪም አዞህ ነው?

አይ ምናሴ! ሂድ፣ ሂድ። ነገ ግን በመኪናህ ና፤ እኔንም ገበያ ታደርሰኛለህ።